ጂን የሚመሰክርበት ችሎት

በጂን አምናለሁ። ከመነሻው ይህን የምናገረው ጽሑፉን ሳይጨርስ «ይሄ ደግሞ ከሃዲ ሆኖ አረፈው» የሚል አንባቢ በከንቱ እንዳይደክም ነው። ጂኖች በቁርኣን ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ሙሉ ምዕራፍ አላቸው፤ 72ኛው ሱራ፣ 28 አንቀጽ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጧኢፍ ሰዎች በድንጋይ ወግረው ካባረሯቸው በኋላ ወደ መካ ሲመለሱ፣ ነኽላ ላይ በሌሊት ሶላት ሲቀሩ ሰምተው ያመኑ ጂኖች እንደነበሩ ከቁርኣን ቤት ጀምሮ ተምሬያለሁ። ደግሞም ያደግሁት አፍደም ነው። እናቴ ማታ የፈላ ውሃ ደጅ ስትደፋ «ቢስሚላህ» ሳትል ደፍታ አታውቅም፤ ከታች ማን እንዳለ አይታወቅማ። መግሪብ ሲቃረብ ከሐዲዱ ዳር ለቃቅማ ታስገባናለች። በቀትር፣ ፍየሉ ሁሉ ግራር ስር ተኮልኩሎ ሳለ፣ ሜዳውን እየሰነጠቀ የሚሽከረከር የአቧራ ዓምድ ስናይ መንገድ ለቀን ቆመን እናሳልፋለን። በዚህ ሁሉ አላፍርም፤ ዛሬም የፈላ ውሃ ስደፋ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

ቁጣዬ ጂንን ሸቀጥ፣ ምስክርና የዱላ ሰበብ ባደረጉት ሰዎች ላይ ነው። በጂን የማያምን ሰው ከእኔ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ተከራክሮ፣ ስቆብኝ ይሄዳል። እነዚህ ግን በአምላኬ ቃል ስም ልጆቻችንን እየገረፉ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት አካባቢ ሲሆናት መውደቅ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ላሆህ እየጋገረች ሳለ ምጣዱ ላይ ወደቀች። ግራ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጠለ። በዚያ ልክ የተቃጠለችው አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አረፋዋ እንዳይነካቸው ፈርተው ወደ ኋላ በመሸሻቸው ነው። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ስር አጨሰባት። ጤና ጣቢያው የእግር መንገድ ነበር፤ ማንም ወደዚያ አልሄደም። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ሶማሌዎቹ ኢላጅ፣ ሌላው ሩቅያ ቤት ወደሚለው፣ ቁርኣን እየተቀራ ወደሚታከምበት ቦታ ተጫነች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አንዱን ብጠራ የቀሩት ንጹሕ ይመስላሉ።

አብሬ ሄጄ ነበር። ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ። ጥግ ላይ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ፣ ተህሊል የሚሉት፣ በቢጫ ጀሪካን ሙሉ። መደርደሪያው ላይ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የወይራ ዘይትና ማር፤ ዋጋቸው ከሱቁ እጥፍ። ከግድግዳው ምስማር ላይ ደግሞ አረንጓዴ የውሃ ጎማ ተንጠልጥሏል። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሁለት ጎረምሶች እጅና እግሯን ያዙ፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮዋ ስር ተደቀነ፣ አያተል ኩርሲ ተቀራ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልልም፤ እኔም ቤቴ የምቀራው ነው።

«ስምህ ማነው?» አለ ራቂው፣ ሩቅያ የሚያደርገው ሰው።

ጥያቄው ለእሷ አልነበረም። ልጅቷ ዝም አለች። ጎማው ከምስማሩ ወረደና ውስጥ እግሯ ላይ አረፈ። «ስምህን ተናገር!» ደገማት። ከጥቂት ግርፋት በኋላ አንድ የወንድ ስም ተናገረች። «ከየት መጣህ?» «ከየመን።» ከየመን የመጣው ጂን አረብኛ አያውቅም ነበር። የሚናገረው የእኛኑ የአፍደምን አማርኛ ነው፤ ሶማሊኛው መሐል ገብቶበት፣ ኦሮምኛው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎበት። ክፍሉ ውስጥ ይህ የገረመው ሰው አልነበረም። «ማን ላከህ?» ለዚህኛው ጎማው እስኪነሣ አልጠበቀችም። ግርፋቱ የሚቆመው የሰው ስም ሲጠራ እንደሆነ ገብቷታል፤ ልጅ ብትሆንም ሞኝ አልነበረችም። የአጎቷን ሚስት ስም ጠራች።

ወደ አፍደም ተመለስን፣ የአክስቴ ቤት ደጃፍ ተቆፈረ። አፍደም ውስጥ የትኛውም ደጃፍ ቢቆፈር የተቋጠረ ጨርቅ፣ የፀጉር ጉንጉን፣ የዛገ ምስማር አይጠፋም። ተገኘ። እልል ተባለ። ልጆቿን የወለደችበት ሰፈር ውስጥ ያቺ ስሟ የተጠራው ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጣት አጣች። ውሃ ስትቀዳ ይሸሿታል፣ ለቅሶ ስትደርስ የዘረጋችውን እጅ የሚጨብጥ የለም። በመጨረሻ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ ኤረር ሄደች። አልተመለሰችም።

የአክስቴ ልጅስ? መውደቋን ቀጠለች። ጋብ ያለላት ድሬዳዋ ላይ አንድ ሐኪም በየማታው የምትውጠው ነጭ ኪኒን ካዘዘላት በኋላ ነው። ፌኖባርቢታል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚጥል በሽታ ሲታከምበት የኖረ፣ በዓለም ላይ ካሉት የዚህ በሽታ መድኃኒቶች ርካሹ። የየመኑ ጂን ይህን ኪኒን ያልወደደበትን ምክንያት ራቂው ያስረዳን።

እስቲ ቁርኣኑን እናምጣው፤ እነሱም የሚያነሡት እሱን ነውና። በ34ኛው ሱራ የነቢዩ ሱለይማን መጨረሻ ተተርኳል። ጂኖች በትእዛዛቸው ስር ሆነው ሕንፃ ያቆሙላቸው፣ እንደ ኩሬ የሰፉ ገበታዎች ይሠሩላቸው ነበር። ሱለይማን በትራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ሞቱ። ጂኖቹ አላወቁም። አለቃቸው በሕይወት ያሉ መስሏቸው መልፋታቸውን ቀጠሉ። የገባቸው ምስጥ በትሩን በልቶ ሱለይማን መሬት ላይ ሲወድቁ ነው። ቁርኣኑም ትምህርቱን እዚያው አስቀምጦታል፤ ስውሩን ነገር የሚያውቁ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ አዋራጅ ድካም ባልቆዩ ነበር። እንግዲህ ፊት ለፊቱ የቆመን ሬሳ ከሕያው መለየት ያቃተው ፍጡር፣ አፍደም ውስጥ ማን በማን ደጃፍ ድግምት እንደቀበረ ያውቃል? ያቺ ምስጥ ከጂኖቹ ሁሉ የተሻለ መረጃ ነበራት። «ጂኑ ነግሮኛል» የሚል ሰው ክርክሩ ከእኔ ጋር አይደለም፤ ከሱራው ጋር ነው።

ነቢዩ ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ አስጠንቅቀዋል፤ በኢማም ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ያለ ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ጺሙን ያሳደገ፣ በፋቲሓ የጀመረ ሰው ከጂን አፍ የሚለቅመው ወሬ ጥንቆላ የማይሆነው በምን ሒሳብ ነው? ቃልቻውን ሺርክ፣ በአላህ ማጋራት፣ ብለን ከሰፈር አባረርን። ወንበሩ ላይ ግን ማንን አስቀመጥንበት?

ሃይማኖቱን ለጊዜው እናቆየውና ባህላችንን እንጠይቅ። አፍደም የምትገኝበት ሲቲ ዞን በብዛት የኢሳዎች አገር ነው። ሄር ኢሴ የተባለውን የቃል ሕጋቸውን ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ መዝግቦታል፤ በአገር ምድሩ ደስታ ሆነ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። በዛፍ ጥላ ስር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ግመሌን ወሰደብኝ ብሎ የመጣውን ከሳሽ ምስክርህን አቅርብ ይሉታል። ተከሳሹም አፍ አለው፤ ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ይምላል። ለአንድ ግመል ይህን ሁሉ የሚያደርግ ማኅበረሰብ፣ አንዲትን እናት ከትዳሯና ከጎረቤቷ ለመንቀል ግን በተገረፈች ልጅ አፍ የተነገረ ቃል በቃው። ምስክሩ አይታይም። አይምልም። መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። ነገ ውሸቱ ቢጋለጥ ካሣ አይከፍልም። እንዲህ ያለ ችሎት የትኛው የኢሳ ሽማግሌ አባቱ ሲቀመጥበት አይቷል?

«ጂን ሰው ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለው ሙግት የቆየ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ልጃቸው ሲጠይቋቸው ይገባል ብለዋል። ሙዕተዚላ ከተባለው የሥነ መለኮት ወገን አል-ጁባኢ አይሆንም ብሏል። በዚያ ላይ የምፈርድ ሰው አይደለሁም፤ የሚበልጡኝ ተከራክረውበታል። ነገር ግን ራቂው ሁሉ በማስረጃነት የሚጠቅሰውን አንቀጽ ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው አንብበነዋል? የ2ኛው ሱራ 275ኛ አንቀጽ ነው። ሰይጣን ነክቶት እንደሚንገዳገድ ሰው ሆነው ስለሚነሡ ሰዎች ይናገራል። እነማን ናቸው ታዲያ? ምስኪኗ የአክስቴ ልጅ ናት? በፍጹም። አራጣ በሎች ናቸው! በሰው ችግር ላይ ገንዘብ የሚያባዙ ሰዎች። የበሽተኛ ቤተሰብ ፍየሉን ሸጦ ያመጣውን ብር ያለ ደረሰኝ ኪሱ የሚከት ሰው ይህን አንቀጽ ሲቀራ ድምፁ ትንሽ እንኳ አይንቀጠቀጥም?

«ክፍያው ሐላል ነው፣ ሶሓቦችም ተቀብለዋል» ይሉናል። እውነት ነው። ሶሓቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ መርዛማ ፍጡር የነደፈው የጎሳ አለቃ ላይ ፋቲሓ ቀርተው በግ ተቀብለዋል፤ ነቢዩም አጽድቀውላቸዋል። ታሪኩን ጨርሱት እንጂ! በጎቹ የተነዱት ሰውዬው ከገመድ እንደተፈታ ሁሉ ተነሥቶ ከተራመደ በኋላ ነው። የእኛዎቹ የሚቀበሉት በሩ ላይ ነው። በሽተኛው ካልዳነ ደግሞ «ይሄኛው ጂን ተራ አይደለም፣ ንጉሥ ነው፣ ሠራዊት አለው» ይባልና ሒሳቡ ይጨምራል። ያልዳነ ሰው ከዳነው የበለጠ የሚያስገኝበት ንግድ ሌላ የት አለ?

ለዱላው ደግሞ ዓሊሙን ኢብን ተይሚያን ይጠቅሱልናል። ደቀ መዝሙራቸው ኢብን አል-ቀዪም ምን እንዳሉ ግን አይነግሩንም። እኚህ እ.ኤ.አ. በ1350 ያረፉ የደማስቆ ዓሊም «ዛድ አል-መዓድ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚጥል በሽታን በሁለት ከፍለውታል። አንዱን ከክፉ መናፍስት የሚመጣ፣ ሁለተኛውን ሐኪሞች መንሥኤውን የሚመረምሩትና የሚያክሙት ብለውታል። ከእሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ኢብን ሲና ይህን በሽታ በአንጎል ሕመሞች ተራ አስቀምጦታል። የዛሬው ራቂ፣ የዓለም ቤተ መጻሕፍት በኪሱ ስልክ ውስጥ ያለ ሰውዬ፣ የ14ኛው መቶ ዘመን ዓሊም የለዩትን አይለይም። ለእሱ ሕመም ሁሉ አንድ ነው። ለዚያም ለአንዱ አንድ ጎማ አለው።

ከሁሉ በላይ አፋቸውን ሊያስይዛቸው የሚገባው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ሁለቱም ዘግበውታል። ኢብን ዐባስ አንድ ቀን ለተማሪያቸው ለዐጣእ የጀነት ሴት ላሳይህ አሉና አንዲት ጥቁር ሴት አሳዩት። ይህች ሴት ወደ ነቢዩ መጥታ እንደምትወድቅ፣ ስትወድቅም ልብሷ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው፤ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች። ነቢዩ ምርጫውን ለእሷ ሰጧት፤ ብትታገሥ ጀነት፣ ካልሆነም ለመዳኗ ዱዓ። ትዕግሥቱን መረጠች። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ በምትወድቅበት ጊዜ ገላዋ እንዳይገለጥ ዱዓ ይደረግላት። አደረጉላት።

ደግማችሁ አንብቡት። ስሟን ትቶ የጂኑን ስም የጠየቀ የለም። ማን ላከህ ያለ የለም። የያዛት፣ ያሰራት፣ የገረፋት፣ ጎረቤቷን የወነጀለ የለም። የምትወድቅ ሴት የተከበረች ምእመን ሆና ቆማ ተነጋገረች፣ ስለ ራሷ ሕመም ራሷ ወሰነች፣ ከመዳን ይልቅ ያስጨነቃት ገመናዋ ተሸፈነላት። እኛስ? የምትንፈራገጥ ልጅ ሻሿ ወልቆ፣ ቀሚሷ ተገልጦ፣ በጎረምሳ ተይዛ ስትጮኽ በስልክ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን። ከስሩም «ሱብሓነላህ» እንጽፋለን። ነቢዩ በዱዓ የሸፈኑትን ገላ እኛ በቁርኣን ስም ገለጥነው። ከዚህ የከፋ ምን ስድብ አለ?

ይህ ሁሉ ግርፋትና ውርደት ነው። ሞትም አለበት።

ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ያለው ቆላ የወባ አገር ነው። አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣች፣ በከተማ የውሃ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባ ትንኝ ተጨምራለች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው፤ በ2022 ድሬዳዋን የመታው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ወባው አንጎሉ ላይ የወጣበት ሕፃን ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑን ይገለብጣል፣ ራሱን ይስታል። በሰዓታት ውስጥ መርፌው ካልደረሰለት ይሞታል። እነዚያን ሰዓታት ሩቅያ ቤት ወረፋ ላይ የጨረሰ አባት ምን ይባላል? «ጂኑ ጠናበት» ይባላል። ቀብሩ ላይ ራቂው ራሱ ይቆማል።

ነፍሰ ጡሯም አለች። በስምንተኛው ወር ራሷን ይወቅራታል፣ እግሯና ፊቷ ያብጣል፣ ዓይኗ ይጭበረበራል፤ ከዚያ ትወድቅና ትንቀጠቀጣለች። ከእርግዝና ጋር የመጣ የደም ግፊት ነው፤ ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለ መርፌ አለው፣ እሷንም ልጇንም ያተርፋል። እኛ ጋ ግን «ጂን ቀናባት» ነው። በእብድ ውሻ የተነከሰውስ? ውሃ ባየ ቁጥር ጉሮሮው ከሚታነቅ ሰው በላይ ጂን የያዘው የሚመስል የለም። የሚያድነው ክትባት ደግሞ እንደተነከሰ ወዲያው ሊጀመር ይገባል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ዋጋ የለውም። ራቂው ጂን ሲያባርር ቫይረሱ ሥራውን ጨርሷል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው የሚጥል በሽታን አጥንተዋል። ከ1000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አገኙ። ብዙዎቹ ትክክለኛውን መድኃኒት ቀምሰውት አያውቁም ነበር። እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩባቸው። የአክስቴን ልጅ ክንድ ባየሁ ቁጥር ያ ጥናት ትዝ ይለኛል፤ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ምጣዱም ያው፣ ሽሽቱም ያው።

ለወንዶቻችን ደግሞ ሌላ ጂን አለ። ከአወዳይ በመኪና የሚመጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር። በርጫው ላይ ሲመረቅን የዋለ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ጫቱ የጠፋበት ዕለት ዱካኩ ደረቱ ላይ ወጥቶ ያንቀዋል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚንሾካሾክ ይመስለዋል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ቢላዋ ትራስ ስር ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሐርጌሳ ጥናት ከመጠን ያለፈ ጫትና የአእምሮ ሕመም ያላቸውን ዝምድና አሳይቷል። እኛ ግን ይህን ሰው ወስደን ሩቅያ ቤት እናስተኛዋለን፤ ራቂውም ጉንጩን ወጥሮ ይቀራበታል። የራቂውን ጉንጭ የወጠረው ምን እንደሆነ አፍደም ላደገ ሰው አይነገርም።

ሚስቱን የደበደበውም፣ የአደራ ገንዘብ የበላውም «ሰይጣን አሳስቶኝ» ይላል። ኢብሊስን እስቲ ስሙት። በ14ኛው ሱራ የፍርዱ ቀን ነገሩ ካለቀ በኋላ ተከታዮቹ ፊት ቆሞ ጠበቃ የማያስፈልገው መከላከያ ያቀርባል፤ እኔ ጠራኋችሁ፣ እናንተ መጣችሁ፣ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን አልነበረኝም፣ ወቀሳውን ወደየራሳችሁ አዙሩት የሚል ነው ሐሳቡ። በውሸት የሚታወቀው ኢብሊስ እንኳ በዚያ ቀን እውነቱን ይናገራል። እኛ ግን ዛሬም እሱ ያልወሰደውን ሥልጣን በነፃ እንሸልመዋለን።

ለነገሩ አፍደም መንፈስ አጥሮበት አያውቅም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዓመታት በኋላ ይህን ቆላ አቋርጦ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ በየጣቢያው ሰው አራገፈ። አማራው ዛሩን፣ ኦሮሞው አያናውን፣ ሶማሌው ሚንጊሱን ይዞ ወረደ። ልጅ ሳለሁ አንዲት ሴት ከታመመች ከየት እንደሚጀመር ጭቅጭቅ ነበር፤ ከበሮ ይመታ ወይስ ቡና ይፈላ ወይስ ይቀራባት። ዛሬ «ተውሒድ ገባ፣ ያ ሁሉ ቀረ» እንላለን። ልብሱን ቀይሮ ካልሆነ በቀር የት ቀረ? 72ኛው ሱራ ራሱ የቀድሞ አረቦች በጂን ጥበቃ ስር ሲጠለሉ ጂኖቹ ይበልጥ ትዕቢት እንደጨመሩ ይነግረናል። ፍርሃታችን ቀለባቸው ነው፤ ራቂው ደግሞ ቀለብ ሰፋሪያቸው።

ሐረር ብትሄዱ ጅብ ጂን ይበላል ይሏችኋል። ማታ ማታ ለጅቡ ሥጋ ይጣላል፣ ጅቡ ከተማውን ያጸዳል፣ የተጎዳ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለ እምነት ቢኖር ማን ይጠላዋል? ያንኑ እምነት የሞቃዲሾ ነጋዴዎች ምን እንዳደረጉት ግን ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ዘግቦታል። በሽተኛን ከጅብ ጋር በአንድ ክፍል እየዘጉ፣ ጅቡ ጂኑን አይቶ ያስወጣል እያሉ ከቤተሰብ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ከዚህ ወደ ሰንሰለቱ ሩቅ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ሶማሊላንድ ውስጥ፣ በ2020 ደግሞ ወደ 60 በሚጠጉ አገሮች የታሰሩ የአእምሮ ሕሙማንን ታሪክ አውጥቷል። አእምሮው የታወከ ሰው እስኪሻለው ድረስ ኃጢአቱን የሚጽፈው ብዕር እንደተነሣለት ነቢዩ ነግረውናል። አላህ ብዕሩን ያነሣለትን ሰው እግሩን በካቴና የሚቆልፍ ማነው? ክርስቲያን ወገኖቼ የየጸበሉን ሰንሰለት ያውቁታል፤ የእነሱን ቤት እነሱ ይጥረጉት።

የከተማው ምሁርም በዚህ ጽሑፍ አይደሰት። «ኋላ ቀር ሕዝብ» ብሎ ሳቁን ለቆ መኪናው ውስጥ የሚገባ ሰው ለአክስቴ ልጅ ምን ጠቀማት? የጤና ባለሥልጣኑም አያመልጥም። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ በሽተኛ ይዞ የሚሄድ አርብቶ አደር ስንት ግመል ይሸጥ? የሚጥል በሽታ በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ በሠለጠነ ነርስ እጅ ሊታከም የሚችል ሕመም ነው፤ ሥልጠናውም መመሪያውም አለ። መድኃኒቱ ግን ስንት ቦታ አንድ ወር ኖሮ ሁለት ወር ይጠፋል። ይህ ኪኒን ደግሞ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። ያኔ ቤተሰቡ «ድሮስ የሐኪም አልነበረም» ብሎ ወደ ጎማው ይመለሳል። ሩቅያ ቤቱ አንድም ቀን «አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ኑ» ብሎ አያውቅማ።

እንግዲህ የምለምነው ሦስት ወገን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው መጅሊሳችን፣ ከፌዴራል እስከ ወረዳ፣ ስለ ጨረቃ መታየት ያለውን ትጋት ለዚህም ያውለው። በሽተኛ የሚመታ፣ የሚያስር፣ ጂን ጠይቆ ሰው የሚወነጅል ሰው ራቂ ሳይሆን ወንጀለኛ ነው ብሎ በየመስጊዱ ሚንበር ላይ ያውጅ። ሩቅያ ቤት የሚከፍት ሰው ይመዝገብ፤ የሚንቀጠቀጥ በሽተኛ ሲመጣበት ከጤና ጣቢያ ወረቀት ካልያዘ አይንካው። የክልሉ ጤና ቢሮም ያቺን ርካሽ ኪኒን ከመደርደሪያ አያጥፋት።

ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ፣ እናቴ፣ እህቴ። ልጅሽ ከወደቀች ከእሳቱ አርቂያት፣ በጎኗ አስተኚያት፣ ራሷ ስር ነጠላሽን አድርጊ። አፏ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ ክብሪት አታጭሺባት፣ አረፋው አይጋባም፣ አትሽሺ። አያተል ኩርሲን ቅሪባት፤ ከልካይ የለሽም፣ ለመቅራትም ማንንም መክፈል የለብሽም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ትኩሳት ካላት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ጤና ጣቢያ እየሮጥሽ ቅሪ። የመጀመሪያዋ ከሆነም ቆማ ብትሄድ እንኳ በማግሥቱ ውሰጃት። ጎማ የሚያነሣባትን ሰው ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቁርኣን በቃሉ ቢይዝ፣ ለፖሊስ አስረክቢው።